እጅ የሚደርስበት

ፊልሙን ያየሁት ሌሊት ነው፤ እናቴ ከጎን ካለው ክፍል ከተኛች በኋላ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በፍላሽ ሰጥታኝ «ብቻሽን ሆነሽ እዪው» ስላለችኝ ሁለት ሳምንት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። «ዘ ሴሽንስ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የአሜሪካ ፊልም ነው። ላፕቶፑን ትራስ ላይ አስቀምጬ፣ ኢርፎኔን ሰክቼ ጀመርኩት።

ብዙም ሳይቆይ ዋናውን ሰውዬ አፍንጫው ይበላዋል። ድመት በፊቱ ስታልፍ ጅራቷ ነክቶት ነው። ሰውዬው በጀርባው የተኛ፣ ከአንገቱ በታች እምብዛም ማዘዝ የማይችል ነው፤ የሚያክለት ሰውም አጠገቡ የለም። ስለዚህ በሐሳቡ ሊያከው ይሞክራል።

እዚያ ላይ አቆምኩትና አለቀስኩ። ስለ አካል ጉዳተኛ በተሠሩ ፊልሞች ሰውዬው ወይ ተራራ ይወጣል፣ ወይ ሜዳሊያ ያጠልቃል፣ ወይ ይሞታል። አፍንጫው ሲበላው ግን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር።

ሰውዬው ማርክ ኦብራየን ነው፤ በእውነት የኖረ ገጣሚና ጋዜጠኛ። እ.ኤ.አ. በ1949 ቦስተን ተወለደ። በ1955፣ በስድስት ዓመቱ፣ እኛ የልጅነት ልምሻ የምንለው ፖሊዮ ያዘው። የዮናስ ሳልክ ክትባት ይሠራል ተብሎ ለዓለም የታወጀው በዚያው ዓመት ነው። እኔን የያዘኝ በሦስት ዓመቴ፣ ደብረ ብርሃን ሳለን ነው፤ ክትባቱ ወደ አገራችን ከገባ ዓመታት አልፈውት ነበር። እናቴ ያን ሰሞን ታማ ስለነበር ቀጠሮው አለፈ። አሁን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እሷ ግን ሰው ስለ እግሬ በጠየቀ ቁጥር ወሬዋን የምትጀምረው ከራሷ ሕመም ነው። ፊልሙ ውስጥ ማርክም እንዲህ ያለ ሸክም አለበት፤ እህቱ በልጅነቷ ስትሞት ወላጆቼ በእኔ ተጠምደው ነው ብሎ ያምናል። ልምሻ አንዱን ልጅ ነክቶ በቤቱ ሰው ሁሉ ላይ እንዲህ ያለ ጥፋተኝነት ይረጫል።

የማርክ ከእኔ እጅግ ይብሳል። የሚያስተነፍሱት ጡንቻዎች ስለደከሙ አብዛኛውን ዕድሜውን «የብረት ሳንባ» በሚባል ማሽን ውስጥ ነው ያሳለፈው። ጭንቅላት ብቻ ውጭ የሚቀርበት፣ አንገት ላይ በጎማ የሚዘጋ ትልቅ የብረት በርሜል አስቡ። ሞተሩ ከበርሜሉ ውስጥ አየር ሲስብ ደረት ይነፋና ትንፋሽ ይገባል፤ ሲለቅ ይወጣል። ሌሊቱን ሙሉ እንደዚያ ነው። ከማሽኑ ወጥቶ መቆየት የሚችለው በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። በእነዚያ ሰዓታት፣ ተጋድሞ በሚሄድበት ባለ ጎማ አልጋ እየተመላለሰ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማረ፤ በ1982 ተመረቀ። ግጥሞቹንና ጽሑፎቹን የጻፈው በአፉ በያዘው ዘንግ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየተጫነ ነው።

በርክሌይ የሆነው እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 ኤድ ሮበርትስ የሚባል፣ እንደ ማርክ በፖሊዮ ምክንያት በብረት ሳንባ የሚተነፍስ ወጣት እዚያ ግቢ ገብቶ በሩን አስከፍቷል። እሱና ጓደኞቹ የጀመሩት እንቅስቃሴ በ1972 አካል ጉዳተኞች ራሳቸው የሚመሩት ማዕከል ሆነ። አካል ጉዳተኛ በራሱ ቤት መኖር፣ የሚረዳውን ሰው ራሱ መቅጠርና ማሰናበት ይችላል የሚለው ሐሳብ ያኔ በሆስፒታልና በቤተሰብ እጅ ለኖረ ሰው አዲስ ዓለም ነበር። ማርክ ፊልሙ ውስጥ የማይወዳትን ረዳት ሲያሰናብት የምናየው ይህን መብት ነው። ትንሽ ትዕይንት ናት፤ እኔ ግን መልሼ መልሼ አየኋት። የሚያጥብህን ሰው «በቃሽ፣ አመሰግናለሁ» ማለት መቻል!

እንግዲህ በፊልሙ ይህ ሰው በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ሴት በፍቅር ነክታው አታውቅም። አንዲት ረዳቱን ወደዳት፣ ነገራት፣ ጥላው ሄደች። ከዚያ በኋላ ነው በሐኪም አማካይነት ሼሪል ኮኸን ግሪን ከምትባል ሴት ጋር የሚገናኘው። ሥራዋ «ሰሮጌት» ይባላል፤ ገላቸውን ከፈሩና ከሸሹ ሰዎች ጋር በተወሰነ ቀጠሮ፣ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር እየተመካከረች፣ መነካካትን ከመጀመሪያ ፊደሉ ጀምሮ የምታስተምር ናት። በፊልሙ ከስድስት ቀጠሮ አይበልጥም ብላ ከመነሻው ትነግረዋለች። ማርክ በኋላ ይህን ሁሉ ራሱ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1990 «ዘ ሰን» በተባለ መጽሔት አሳተመው። ያንን ጽሑፍ ከዓመታት በኋላ ኢንተርኔት ላይ ያገኘው ቤን ሌዊን ፊልም አደረገው። ሌዊንም በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት በክራንች የሚሄድ ዳይሬክተር ነው። ይህን ያወቅሁት ካየሁት በኋላ ነው፤ ግን ሳላውቀውም ጠርጥሬ ነበር። ካሜራው ሰውነቱን ሲያይ አይሳቀቅም፣ አያዝንም፣ አይቸኩልም።

ነገሩ ለብዙ አንባቢ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ለእኔም ከብዶኛል። ማርክ ካቶሊክ ነው፤ ከማድረጉ በፊት ቄሱ ዘንድ ሄዶ በጋብቻ ያልሆነውን ይህን ነገር እንዴት እንደሚያዩት ይጠይቃቸዋል። ቄሱ መሠዊያው ላይ የተሰቀለውን ክርስቶስ ቀና ብለው ያያሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ እንደ ቄስ ሳይሆን እንደ ወዳጅ ይመልሱለታል። ሂድ ይሉታል። ትክክል ናቸው ወይስ ተሳስተዋል የሚለውን ለመፍረድ አልተቀመጥኩም። ልቤን የነካው ሰውዬው ጥያቄውን ይዞ የሚሄድበት ቦታ ማግኘቱ ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዤ ንስሐ አባቴ ዘንድ ብሄድ፣ ከኃጢአቱ በፊት የሚያስደነግጣቸው ጥያቄው ከእኔ መምጣቱ ይመስለኛል። «አንቺም?» የሚል ዓይን አለ። ያንን ዓይን ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ስለ እጅ ላውራ። ፊልሙ ስለ ወሲብ ነው ይባላል፤ ለእኔ ግን ስለ እጅ ነው። ማርክን ቀኑን ሙሉ ሰው ይነካዋል። ያጥቡታል፣ ያለብሱታል፣ ያገላብጡታል፣ ያጎርሱታል። ከሕዝቡ ሁሉ ይልቅ የተነካ ሰው ነው። ሆኖም አንድም እጅ እሱን ፈልጎ አልነካውም፤ ሁሉም ለሥራ ነው የመጣው። ሼሪል የመጀመሪያ ቀን ፀጉሩን ስትዳስሰው የሚደነግጠው ለዚህ ነው። ልምሻ የሚገድለው እንቅስቃሴን እንጂ ስሜትን አይደለም። ይህን ሰው አያውቅም። ግራ እግሬ ቀጭን ስለሆነ የደነዘዘ የሚመስላቸው አሉ፤ እሱ ግን ከቀኙ ይልቅ ይበርደዋል፣ ጉንዳን ሲሄድበት ይሰማዋል። ማርክ የአልጋ ልብሱን እጥፋት ሳይቀር እየተሰማው ነው ሠላሳ ዓመት የተኛው።

እኔንም ብዙ እጅ ነክቶኛል። መጀመሪያ የወጌሻው እጅ ነው፤ ቅቤ ቀብቶ፣ ጉልበቴን ይዞ፣ እኔ ስጮህ «ይሄ ጩኸት ጥሩ ነው፣ ነርቩ አለ» እያለ የሚያሽ። ከዚያ ጸበል ቦታ ከመስቀሉ ጋር ግንባሬን የሚጫነኝ እጅ መጣ። ከዚያ የነርሶቹ። አሁን ደግሞ ታክሲ ስሳፈር ሳይጠይቀኝ በብብቴ ይዞ ሽቅብ የሚያነሳኝ ረዳት አለ፤ «አይዞሽ እናቴ» ይላል፣ በቅንነት ነው። መንገድ ላይ ትከሻዬን ዳብሰው «እሱ ያውቃል» ብለው የሚያልፉ ሴቶችም አሉ። አንዱም ክፉ እጅ አይደለም። ግን ከእነዚህ ሁሉ መካከል ከመንካቱ በፊት የሚጠይቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጫማ ሰፊዬ።

ግራ ጫማዬን ሁልጊዜ እሳቸው ዘንድ ነው የምወስደው፤ ሦስት ጣት የሚሆን ሶል ይጨምሩበታል። ሸራቸው ሥር ባለችው ዱካ ላይ እቀመጣለሁ። ማስቲሽና የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። እሳቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አውጥተው «ልንካው ልጄ?» ይላሉ፤ ሁልጊዜ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ሳያጎድሉ። ይሁን ስላቸው ተረከዜን በመዳፋቸው ይይዙና በሌላው እጃቸው የሶሉን ቁራጭ ያስጠጋሉ። ውፍረቱን የሚለኩት በአውራ ጣታቸው ነው። «አምና ከነበረው ትንሽ ቀንሷል» ይሉኛል አንዳንዴ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው። ከዚያ ቆሜ እንድራመድ ያደርጉኛል፤ የሚያዩት እግሬን ሳይሆን ወገቤን ነው፣ ተስተካክሏል አልተስተካከለም ብለው። እዚያ ዱካ ላይ እግሬ የእኔ ነው።

ፊልሙ ውስጥ ሼሪል አንድ ቀን ትልቅ መስታወት ይዛ ትመጣለች። ማርክ ገላውን ሙሉውን ከልጅነቱ ወዲህ አይቶት አያውቅም። አንሶላና ጣሪያ ነው ሲያይ የኖረው። ይህ የድርሰት ጌጥ አይደለም፤ በጽሑፉ ራሱ የመሰከረው ነው። በሐሳቡ የሳለው የተጣመመ፣ የሚያስፈራ አካል ነበር፤ መስታወቱ ውስጥ ያየው ግን እንዳሰበው የሚያስደነግጥ ሆኖ አላገኘውም። ይህን ሳነብ ተነስቼ ሄጄ የቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት ቆምኩ። መስታወቱ እስከ ወገብ ነው። ቤታችን ውስጥ እግር የሚያሳይ መስታወት ኖሮ አያውቅም። ማን እንዳዘዘው ጠይቄ አላውቅም፤ እናቴን ማሳዘን ነው።

ማርክን ሆኖ የተጫወተው ጆን ሆክስ ጉዳት የሌለበት ተዋናይ ነው። ጀርባው እንዲጎብጥ ኳስ የሚያህል ስፖንጅ ከጎኑ ሥር አድርጎ ነው ሙሉውን ፊልም የተኛው። ጎበዝ ነው፤ ድምፁ ውስጥ ያለውን የትንፋሽ ቁጠባ ስትሰሙት ታምናላችሁ። ሼሪልን የተጫወተችው ሔለን ሐንት ለኦስካር ታጭታበታለች። ግን በፊልሙ ውስጥ ሳልጠብቃት ያገኘኋት ሌላ ሴት ናት። ካርሜን የምትባል፣ ማርክ ለጋዜጣ ሥራው ቃለ መጠይቅ የሚያደርግላትና በኋላ ለቀጠሮው ቤቷን የምታውሰው። የተጫወተችው ጄኒፈር ኩሚያማ በእውነተኛ ሕይወቷም በዊልቸር የምትንቀሳቀስ ናት። ካርሜን ስለ ወንድና ስለ አልጋ እየሳቀች፣ ምንም ሳትሸፍን ታወራለች። ማርክ ይደነግጣል፤ እኔም ደነገጥኩ። የቆየችው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ስለ እሷ ፊልም ቢሠራ ኖሮ ስል ቆየሁ። ሴቶቹ ሁሉ ለማርክ የሚመጡ፣ የሚያለቅሱለት፣ የሚሄዱ ናቸው፤ እየፈለገች የምትጠብቅ ሴት ግን እሷ ብቻ ናት፣ ካሜራውም ቶሎ ይተዋታል። ዳይሬክተሩን የምወቅሰው በዚህ ነው።

እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ አካሉ ቢጎዳም «የምትጦረው ሚስት ፈልጉለት» ይባላል። ለሴቷ የሚባለው «ማን ያገባታል» ነው። የአክስቴ ልጅ ስታገባ፣ አብረን ያደግን፣ አንድ አልጋ ላይ የተኛን ልጆች ሳለን፣ ሚዜ አልሆንኩም። አክስቴ ጠርተውኝ ጉልበቴን ይዘው፣ «መቆሙ ይደክምሻል ብለን ነው ልጄ፣ ለአንቺ አስበን» አሉኝ። ለሙሽራዋ ቀሚሱን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ። በሠርጉ ዕለት አዳራሽ ውስጥ ከሽማግሌዎች ጋር ጥሩ ቦታ ሰጡኝ፣ ሳልነሳ ምግብ አመጡልኝ፤ ሁሉም እየመጣ ሳመኝ። «የአንቺንም ያሳየን» ያለኝ ግን አልነበረም። ለሌሎቹ ልጃገረዶች ሁሉ ያንን ቀን ሃያ ጊዜ ሲባል ሰምቻለሁ። ምርቃትም የሚዘለልበት ሰው አለ።

በወረቀት ላይ ያለው ጥሩ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 23 ላይ ማግባትን፣ ቤተሰብ መመሥረትን፣ መውለድን በግልጽ ያሰፍራል። አንድ ስልጠና ላይ ይህን አንቀጽ ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነበርኩ። ሻይ ሰዓት ላይ አንድ ተሳታፊ ቀረብ ብሎ በአክብሮት፣ «እህቴ፣ መውለድ ትችያለሽ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጆች ያሉት ትልቅ ሰው ነው። መልስ ሰጠሁት፤ ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ ቆየሁ።

ወድጄም አውቃለሁ፤ ተወድጄም ነበር፣ በጨለማ። ሁለት ዓመት ነው። ስልክ ላይ እስከ ሌሊት ስምንት ሰዓት እናወራለን፤ ሲመሽ ይመጣል፣ ሲመሽ ይሸኘኛል። በጠራራ ፀሐይ ጎን ለጎን ተራምደን አናውቅም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቢሮ ስወጣ ከጓደኞቹ ጋር አየሁት። አየኝ። «ታዲያስ» አለኝ፣ ለሥራ ባልደረባ በሚባለው ድምፅ፤ ከዚያ አስፋልቱን ተሻገረ፣ ሮጥ ብሎ፣ ሮጬ እንደማልደርስበት እያወቀ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ወደ ፊልሙ ልመለስ፤ መብራት የሚጠፋበት ቦታ አለ። እኛ መብራት ሲሄድ ሻማ እንፈልጋለን። ማርክ ግን የሚተነፍሰው በመብራት ነው። ማሽኑ ቀጥ ይላል። ስልክ ለመደወል በአፉ ዘንጉን ይይዛል፤ ዘንጉ ያመልጠውና ይወድቃል። ሩቅ አይደለም የወደቀው፤ ለእኛ እጅ ዘርጋ አድርጎ ማንሳት ነው። ለእሱ ሌላ አገር ነው። ፊልሙን እንደገና ሳየው ይህን ክፍል መጨረስ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ርቀቱን አውቀዋለሁ። የእኔ ዘንግ ክራንቼ ነው። ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የሚደረገው ምንድን ነው? እቀመጣለሁ፣ አስተናጋጇ ወይም የቤቱ እመቤት በደግነት «ልቀበልሽ» ትልና ክራንቼን ወስዳ ከበሩ ኋላ፣ ጃንጥላ የሚቀመጥበት ጥግ ታቆመዋለች። እንዳይወድቅ፣ ሰው እንዳያደናቅፍ። ከዚያ በኋላ መነሳት ስፈልግ ማስፈቀድ አለብኝ። ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው መጥራት አለብኝ። ተናድጄ መውጣት ብፈልግ ተናድጄ መውጣት አልችልም። ስንት ጨዋታ ላይ፣ መሄድ እየፈለግሁ፣ ዓይኔ ጥግ የቆመው ክራንች ላይ ተተክሎ ስስቅ አምሽቻለሁ።

ፊልሙ የሚያልቅበት መንገድ የዋህ ነው። ከዚያ የመብራት አደጋ በኋላ ማርክ ሆስፒታል ውስጥ ሱዛን የምትባል ሴት ያገኛል፣ ይዋደዳሉ፣ እስከ ሞቱ አብራው ትሆናለች። ሱዛን እውነተኛ ናት፤ በ1999 እስካረፈበት ድረስ የመጨረሻ ዓመታቱን ከእሷ ጋር ነው ያሳለፈው። ግን በ1990 የታተመው ጽሑፉ ሱዛንን አያውቃትም። ማርክ ሲጽፈው ብቻውን ነው። ከሼሪል በኋላ በር ይከፈትልኛል ብሎ ነበር፤ አልተከፈተም። የተቀሰቀሰው ተስፋ ሳይሞላ ሲቀር፣ ነገሩ የሚያወጣ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ሳይሰጥ ይተወዋል። ፊልሙ ይህንን ስለቆረጠው አዘንኩ። የሱዛን መምጣት ደስ ያላለኝ መስሎ እንዳይታይ። ነገር ግን ሱዛን ልትመጣ ነው ብሎ የጻፈ ሰው የለም። ያን ጊዜ የነበረው ምሽቱ፣ የማሽኑ ድምፅና ጣሪያው ነው፤ ብዙዎቻችን የምንኖረውም እዚያ ምዕራፍ ላይ ነው።

በኋላ ስለ እሱ የተሠራውን አጭር ዘጋቢ ፊልም ፈልጌ አገኘሁ። ጄሲካ ዩ የሠራችው፣ በ1997 ኦስካር የተሸለመው ነው። እዚያ ላይ እውነተኛው ማርክ አለ። ፊቱ ከተዋናዩ ይልቅ ቀጭን ነው፣ ቃላቱ በትንፋሽ እየተቆራረጡ ይመጣሉ። መሃል ላይ ስለሚያምነው፣ ስለሚያናድደው፣ ስለሚመኘው ያወራል፣ ይቀልዳል። ማሽኑ ከጀርባ ይተነፍሳል። ጆሮዬ እስኪለምደው አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ትንፋሽ መሰለኝ።

ባለፈው ወር አንድ ሰው ቡና እንጠጣ አለኝ። በሥራ ነው የተዋወቅነው፤ ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ያወራነው። ቀን ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሰው የሚያልፍበት በረንዳ። ቀድሞኝ ደርሶ ነበር፤ ስመጣ ተነሳ፣ ሊይዘኝ ግን አልመጣም። ወንበሩን ብቻ ትንሽ ሳብ አድርጎ ጠበቀኝ። ተቀመጥኩ፣ ክራንቼን ጠረጴዛው ላይ አስደገፍኩት፤ አስተናጋጁ ከኋላ መጥቶ «ልቀበልዎት እህቴ» ብሎ አነሳው። እኔ አፌን ሳልከፍት ሰውዬው እጁን ዘረጋና፣ «እዚህ ይሁን» አለ። ከአስተናጋጁ ተቀበለው። አንድ ጊዜ ቀኝ እጄን አየ፣ ከዚያ ክራንቹን በእኔ በኩል፣ በወንበሬና በጠረጴዛው ጠርዝ መካከል አስደግፎ እንዳይንሸራተት የጎማውን ጫፍ በጫማው አስተካከለው።

«ይደርስሻል?» አለኝ።

ሳልነሳ እጄን ዘርግቼ ያዝኩት። ይደርሰኛል።